ቀጥቃጭ ሞልቶ «ቀጥቃጭ» የሚባል ቤተሰብ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ጀርመን ያለው ወንድሜ «ሽሚት ማለት ቀጥቃጭ ነው» አለኝ። በጎጃም ቀጥቃጩም ሸማኔውም ሞልቶ ሳለ በሙያው የሚጠራ ቤተሰብ ለምን የለም? አያቴን ሰው ሁሉ «መሪጌታ» ይላቸው ነበር፤ ይህን የቤተሰባችን ስም ማድረግ እንችላለን? (ከቡሬ)

መልስ፦ ሽሚት ከአባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ ብረት ነክቶ የማያውቀውም ይዞት ይኖራል። በጀርመን ከሙለር (ባለ ወፍጮ) ቀጥሎ የበዛው ለዚህ ነው። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ ይገፋል፤ አባት ሁለተኛ፣ አያት ሦስተኛ ይሆናል፣ ቅድመ አያት ይወድቃል። የአቸፈሩን ደራሲ አቤ ጉበኛን ይመልከቱ። ጉበኛ ማለት ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የሚጠብቅ ዘብ ነው፤ ቃሉ ትንቢተ ሕዝቅኤል 33፥7 ላይ አለ። አባቱ ዘብ ነበሩ ማለት ግን አይደለም፤ በልማዳችን የአቤም ልጅ «አቤ»ን ያስከትላል እንጂ «ጉበኛ»ን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም ቢደነግግም ልማዱ አልተበገረም።

በቀጥቃጩ ላይ ደግሞ ንቀቱ አለ። ባለ እጅ «ቡዳ» እየተባለ ስሙን ለልጁ ማን ያወርሳል? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

መሪጌታ፣ ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ ግን የክብር መጠሪያ ናቸው፤ ከስም ይቀድማሉ እንጂ ስም አይሆኑም። ጣጣው የሚመጣው ቅጽ ላይ ነው። «የአያት ስም» በሚለው ቦታ «መሪጌታ» ብቻ ተጽፎ ልጁ ውጭ ሲሄድ «ሚስተር መሪጌታ» ሆኖ ያርፋል። የወንድሙ ወረቀት በአያት ስም ተሞልቶ ከሆነ ወንድማማችነታቸውን ማስረዳት ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሰባት ቤት ቆጥረው ከሚያውቁ ሽማግሌ ዘንድ ይቀመጡና ለእያንዳንዱ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና ማዕረግ በተለያየ ዓምድ ይጻፉ። ፍትሐትና ተዝካር በክርስትና ስም ስለሚደረግ ካህኑ «ወልደ ማርያም» የሚሉት ሰው ጎረቤት «ደስታ» የሚለው ሊሆን ይችላል፤ ካልለዩት አንዱን አያት ሁለት ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ «ዳኛቸው» የዳኛ ልጅ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አባት ለልጁ የተመኘው ነው፤ «ዳኛቸው ይሁን» ለማለት። «ገበየሁ»ም ነጋዴ አይደለም፤ ወላጅ «አገኘሁ» ሲል ያወጣው ነው።