ጥያቄና መልስ፦ ኮልባኩን ማን ይለቀዋል?

ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ርዕሱ በራስት ቋንቋ ተጽፎ ወደ ዌብአሴምብሊ (ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ የኮድ ቅርጽ) የተቀየረ ኮድ ለብራውዘሩ ጃቫስክሪፕት የሚያቀብለው ኮልባክ (በኋላ እንዲጠራ የሚሰጥ ፋንክሽን) ዕድሜ ነው። ራስትንና ጃቫስክሪፕትን የሚያገናኘውን ዋዝም-ባይንድጀንን ቢያንስ አንዴ ነካክታችኋል ብዬ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ለሴትታይምአውት (ለብራውዘሩ ታይመር) ክሎዠር፣ ማለትም በዙሪያው ያሉ ቫሪያብሎችን ይዞ የሚሄድ ፋንክሽን ሰጠሁት። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ክሎዠሩ ከጠፋ በኋላ ተጠራ የሚል ስህተት ይመጣል። ኮዱ ግን ያለምንም ችግር ኮምፓይል ሆኗል። ራስት እንዲህ ያለውን አይይዝም እንዴ?

መልስ፦ ራስት የሚያየው የራሱን ወገን ብቻ ነው። ክሎዠሩን ፋንክሽኑ ውስጥ በቫሪያብል ያዝከው፣ ሪፈረንሱን ለታይመሩ ሰጠኸው፣ ፋንክሽኑ አለቀ። መዝጊያው ቅንፍ ላይ ሲደርስ ራስት ቫሪያብሉን ይጥላል፣ ክሎዠሩም አብሮ ይሄዳል። ታይመሩ ይህን አያውቅም። በጃቫስክሪፕት በኩል የቀረው ባዶ ቀፎ ነው። ሰከንዱ ሲሞላ ቀፎውን ይጠራል፣ ዋዝም-ባይንድጀንም ባዶ መሆኑን አይቶ ስህተት ይወረውራል። ይህ ስህተት ባለውለታህ ነው። በጥሬ ፖይንተር ሠርተኸው ቢሆን የተለቀቀ ሜሞሪ ዝም ብሎ ይነበብ ነበር። አንዴ ብቻ ለሚጠራ ዋንስ-ኢንቱ-ጄኤስን ተጠቀም፣ ከተጠራ በኋላ ራሱን ያጸዳል። ለሚደጋገም ግን ክሎዠሩን ከፋንክሽኑ የረዘመ ዕድሜ ባለው ስትራክት ውስጥ አስቀምጠው። ኮልባክ ከመጻፍህ በፊት ማን ነው የሚለቀው ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፎርጌት ብዬ፣ ማለትም ራስት ክሎዠሩን እንዳይጥለው አድርጌ ብተወውስ? ስህተቱ ይጠፋል።

መልስ፦ ሜሞሪውም አብሮ ይጠፋል፣ ማለትም ሳይለቀቅ ይባክናል። ገጹ እስኪዘጋ ለሚኖር አንድ ሊስነር (ክሊክን የመሰለ ክስተት ሲመጣ የሚጠራ ኮልባክ) ምንም አይደለም። ለሚደጋገም ግን አታድርገው። ለአንድ ደንበኛ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ የትዕዛዝ መቀበያ ስክሪን ሠርቼ ነበር። ዝርዝሩ በታደሰ ቁጥር ያው በተን ላይ አዲስ ሊስነር ጨምሬ ፎርጌት እለዋለሁ። ጠዋት ሰላም ነው። ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋ አንዴ ስትነካው ያው ትዕዛዝ ተደጋግሞ ይገባል። ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ፈተሽኩ፣ ጥፋቱ ግን ያችው አንድ መስመር ነበረች። የዌብአሴምብሊ ሜሞሪ ደግሞ በ64 ኪሎባይት እየተቆረጠ ያድጋል እንጂ ተመልሶ አያንስም።

አንድ አባል፦ በጎ (Go) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እኮ ይቀላል። ኮልባኩን ለመፍጠር ፋንክ-ኦፍ ትላለህ፣ ሲያበቃ ሪሊዝ ትለዋለህ፣ አለቀ።

ሌላ አባል፦ ምኑ ነው የሚቀለው? ሪሊዙን ከረሳኸው ያው ፎርጌት ነው። የሚወጣው ፋይል ደግሞ ክብደቱ!

የመጀመሪያው፦ ትንሽ ፋይል የሚያወጣው የጎ ኮምፓይለር ታይኒጎ አለልህ አይደል?

መልስ፦ የቋንቋ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት። በጎም በራስትም ጥያቄው አንድ ነው፣ ማን ይለቀዋል?

ጥያቄ፦ የማይፈለግ ሜሞሪን በራሱ የሚያጸዳው የጃቫስክሪፕት ጋርቤጅ ኮሌክተር ለምን አያጸዳውም?

መልስ፦ የራስት ሜሞሪ ለእሱ አንድ ትልቅ የባይት ድርድር ነው፣ ውስጡን አያይም። በ2021 የጃቫስክሪፕት ደረጃ ላይ ፋይናላይዜሽን-ሬጂስትሪ (ዕቃ በኮሌክተሩ ሲጸዳ ኮልባክ የሚጠራ) ገብቷል፣ ዋዝም-ባይንድጀንም ይጠቀምበታል። መቼ እንደሚጠራ ግን ዋስትና የለም፣ ጭራሽ ላይጠራም ይችላል። መጠባበቂያ አድርጊው እንጂ አትደገፊበት።

ጥያቄ፦ የኔ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? ስህተቱን ሳትለጥፍ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ አሲንክ (መልስ እየጠበቀ የሚቆም) ሜተዴ ሚውት-ሴልፍ ይወስዳል፣ ማለትም ዕቃውን ሊቀይረው ለብቻው ይበደራል። አንዳንዴ ዕቃው በድጋሚ ተያዘ የሚል ስህተት ይመጣል። ሁሌ አይደለም።

መልስ፦ ሁሌ የማይመጣው ተጠቃሚው እጁ ሲፈጥን ብቻ ስለሚሆን ነው። ሜተዱ አዌይት (መልስ መጠበቂያው) ላይ ሲቆም የተበደረውን ዕቃ አልመለሰም። ፌቹ (ወደ ሰርቨር የተላከው ጥያቄ) መልስ እስኪያመጣ ሰውየው ሌላ በተን ይነካል፣ ሁለተኛው ጥሪም ያንኑ ዕቃ ሊበደር ይመጣል። ዳታውን በአርሲ (ባለቤትነትን በሚያጋራው) እና በሬፍሴል (ብድርን ኮዱ ሲሠራ በሚቆጣጠረው) ያዘው፣ የአርሲውን ክሎን ወደ ስፖውን-ሎካል (አሲንክ ሥራ ማስጀመሪያው) አስገባ። ከሬፍሴሉ የተበደርከውን አዌይት ሳይደርስ መልስ። አዌይትን ተሻግሮ የተያዘ ብድር እያለ ሌላ ጥሪ ሊበደር ከመጣ ፓኒክ (ኮዱን የሚያቆም ስህተት) ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ፎርጌት መጠቀም ችግር አለው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ጥያቄ፦ ሪአክት ይሻላል ቪው?

መልስ፦ ከርዕሱ ውጪ ነው።

ጥያቄ፦ ገጹን ስቀይር ሊስነሩንና ክሎዠሩን የትኛውን ላስቀድም?

መልስ፦ መጀመሪያ ሊስነሩን ከኤለመንቱ አንሺ፣ ከዚያ ክሎዠሩን ጣይ። ግሉ (gloo) የሚባለው የራስት ላይብረሪ ኢቨንት-ሊስነር ሁለቱንም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሠራልሻል። መንገድ ላይ ያለ ፌች ካለ ደግሞ በአቦርት-ኮንትሮለር አቋርጪው፣ አለበለዚያ መልሱ ባለቤቱ የሄደ ቤት ያንኳኳል።