«አይጂጂ ፖዘቲቭ» ማለት ታመዋል ማለት ነውን? ስለ ቶክሶፕላዝሞሲስ ምርመራ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ስሆን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ፅንስ ወርዶብኛል። ሰሞኑን በአንድ የግል ላቦራቶሪ ተመርምሬ «ቶክሶ፦ አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ኔጋቲቭ» የሚል ውጤት ተሰጠኝ። «የድመት በሽታ ነው» ተባልኩ፤ እኔ ግን ድመት አሳድጌ አላውቅም። ያለፈው ፅንስ የወረደው በዚህ ይሆን? የአሁኑስ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በቅድሚያ ይረጋጉ፤ በገለጹልን ውጤት ላይ ለአሁኑ ፅንስዎ የሚያሰጋ ነገር አይታይም። የቶክሶፕላዝሞሲስ በሽታን የሚያመጣው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ወደ ሰውነት ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው አይጂኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ አይጂጂ ጥቂት ቆይቶ ይከተላል፣ በአንድና ሁለት ወር ውስጥ ከፍ ይላል፣ ከዚያም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በአራተኛው ወር እርግዝና አይጂጂ ኖሮ አይጂኤም አለመገኘቱ፣ ተውሳኩ ወደ ሰውነትዎ የገባው ከማርገዝዎ በፊት እንደሆነና ሰውነትዎም እንደተቋቋመው ያመለክታል። ፅንስ በዋናነት የሚጎዳው እናቲቱ በእርግዝናው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው። ከዚህ የሚለየው የእናቲቱ የበሽታ መከላከል አቅም በእጅጉ የተዳከመ እንደሆነ ነው፤ በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሚሰጠውን የኤች አይ ቪ ምርመራ ያልወሰዱ ከሆነ ይውሰዱ የምልዎትም ለዚህ ነው።

ድመት ባያሳድጉም መያዝዎ ሊያስገርምዎ አይገባም። ድመት የተውሳኩን እንቁላል መሰል ቅንጣት በዓይነ ምድሯ የምታወጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ስትያዝ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅንጣቱ ግን በአፈርና በውሃ ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል። በጎችና ፍየሎች ከግጦሽ ጋር ይበሉታል፣ በሥጋቸው ውስጥም ይቀመጣል። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ ወይም በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ የበላ ሰው ድመት በአጠገቡ ሳትደርስ ሊያዝ ይችላል። በአገራችን አይጂጂ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም አንድ ቀን እንኳ አልታመመበትም።

ያለፈውን ፅንስ በተመለከተ የዛሬው ወረቀት ሊመሰክር አይችልም፤ መቼ እንደተያዙ ቀኑን አይናገርምና። ይህን በአጽንዖት የምጽፈው ፅንስ የወረደባቸው እናቶች አንድ አይጂጂ ፖዘቲቭ ውጤት ይዘው ለወራት ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ አንዳንዶቹም የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሲወስዱ ስለማይ ነው። የቆየ የቶክሶፕላዝማ ልክፈት ለተደጋጋሚ ውርጃ ምክንያት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ሐኪምዎ ሌሎች ምክንያቶችን ቢፈልጉ ይሻላል።

አይጂኤም ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለይ ነበር፤ ያም ቢሆን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። አይጂኤም በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ከዓመት በላይ ስለሚቆይ፣ አንዳንዴም መመርመሪያው ራሱ ስለሚሳሳት፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛ ደም በዚያው ላቦራቶሪ ማስመርመርና የአይጂጂው መጠን መጨመሩን ማየት ያስፈልጋል። አቪዲቲ የተባለው፣ አይጂጂ ከተውሳኩ ጋር የሚጣበቅበትን ጥንካሬ የሚለካው ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ውጤቱ ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘ ልክፈቱ ባለፉት ሦስትና አራት ወራት የመጣ አይደለም ማለት ነው፤ ዝቅተኛ መሆኑ ግን በቅርቡ ለመያዝ ማስረጃ አይሆንም። ፅንሱ ራሱ መያዙን ለማወቅ ከ18ኛው ሳምንት በኋላ ከእንሽርት ውሃ ናሙና ተወስዶ የተውሳኩን ዘረመል በሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ይመረመራል።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖርና መድኃኒቱን ያቋረጠ ታካሚ ለሁለት ሳምንት የዘለቀ ራስ ምታትና ትኩሳት ይዞት መጣ፤ ቤተሰቡም «ነገር ይረሳል» ይላሉ። ቶክሶፕላዝሞሲስን መቼ ልጠርጥር? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አሁኑኑ ይጠርጥሩ። የሲዲ 4 (ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው የበሽታ መከላከያ ሴሎች) መጠኑ ከ100 በታች በሆነ ታካሚ ላይ በአንጎል ተኝቶ የኖረው ተውሳክ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ግራ መጋባት፣ የአንድ ጎን መዛልና ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየበረቱ ይመጣሉ። ታካሚውን አስቀምጠው፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ሁለት እጆቹን እንዲዘረጋና ዓይኖቹን እንዲጨፍን ያድርጉ። አንደኛው እጅ ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደና መዳፉ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ ታካሚው ራሱ ያላስተዋለው ድካም አለና ወደ ሆስፒታል ለመላክ አይዘግዩ።

በሆስፒታል በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ የሆኑ፣ ዙሪያቸው እንደ ቀለበት የደመቀ ቁስሎች ይታያሉ። የአንጎል ቲቢና ሊምፎማ የተባለው ካንሰርም ይህንኑ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትርም በደም ምርመራ መታየት አለበት። አይጂጂ እዚህ ላይ የሚጠቅመው በተቃራኒው ነው፤ ኔጋቲቭ ከሆነ ቶክሶፕላዝሞሲስ የመሆኑ ዕድል ይቀንሳል፣ ፖዘቲቭ መሆኑ ግን ብቻውን ምርመራውን አይዘጋም። በተግባር በሽታው የሚረጋገጠው በሕክምናው ነው፦ በኮትሪሞክሳዞል ወይም በሌላ ተስማሚ መድኃኒት ታክሞ ከ10 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ግልጽ መሻሻል ካላሳየ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ለአንጎል እብጠት ዴክሳሜታዞን ተሰጥቶት ከሆነ መሻሻሉ አሳሳች ሊሆን ስለሚችል በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፍ። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ከማቋረጡ በፊት ኮትሪሞክሳዞልን በመከላከያነት አዘውትሮ ይወስድ እንደነበረም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓይኔ ፊት ጥቁር ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ፣ እይታዬም ደብዝዟል። የቶክሶ ደም ምርመራ ላድርግ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ደሙ ይቆይ፤ አስቀድመው የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ቢቻል በዚሁ ሳምንት። ሐኪሙ ብሌንን በጠብታ አስፍቶ የዓይንን ጀርባ ሲመለከት፣ ከአሮጌ ጠባሳ ጎን አዲስ ነጭ ቁስል ካገኘ የቶክሶፕላዝማ የዓይን ቁስል መሆኑ በአብዛኛው በዚያው ይታወቃል፤ ቁስሉ ለእይታ ማዕከል የቀረበ እንደሆነ ደግሞ ሕክምናው በቶሎ መጀመር አለበት።