የሰርጋችሁን መጠጥ ስትመርጡ፦ ለሚጋቡ ወጣቶች የተሰጠ ምክር

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዕድሜዬን በአዲስ አበባ ሆቴሎች የምግብና መጠጥ ክፍል ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቀን የቆረጡ ልጆች በዘመድ በወዳጅ በኩል እየጠየቁ ይመጡብኛል፤ ጥያቄያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ለሰርጋችን የራሳችን የሆነ ኮክቴል እንዲኖረን እንፈልጋለን፤ ምን ይመክሩናል?» አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚቀርበው በስልክ ላይ ካለ ፎቶግራፍ ጋር ሲሆን፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው መጠጥ ወይ ሰማያዊ ነው፣ ወይ ጭስ ይወጣዋል፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ነው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ምክሬ የሚነሳው ብዙዎቻችሁ ከምትጀምሩበት ተቃራኒ ጫፍ ነው። መጀመሪያ የሚመረጠው አልኮል የሌለው መጠጥ ይሁን፤ አልኮል ያለው ኮክቴል ከዚያ ይወለድ። የጥሪ ወረቀት የምትልኩላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዛችሁ ተቀመጡና እያንዳንዱ ሰው በእጁ ምን ሊይዝ እንደሚችል አስቡ። ሙስሊም ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ መጠጥ የማይቀምሱ ጴንጤ ዘመዶች አሉ፤ ነፍሰ ጡር እኅት፣ መድኃኒት የሚወስድ አጎት፣ መኪና የሚነዳ ሚዜ፣ እንዲሁም በየጠረጴዛው ሥር የሚሯሯጡ ሕፃናት አሉ። በአንዳንድ ሰርግ እነዚህ ሲደመሩ ከታዳሚው ግማሽ ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ ሰው ግን የሚደርሰው የታሸገ ለስላሳና ውሃ ሲሆን፣ ሐሳቡም ገንዘቡም ያለቀው ለቀሩት በተዘጋጀው ብርጭቆ ላይ ነው።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ከእኛ ይሻሉ ነበር። ጠጅ በሚጣልበት ቤት ብርዝ ይበረዝ ነበር፤ ጌሾ ያልገባበት፣ ያልፈላ፣ ከዚያው ማር የተዘጋጀ መጠጥ። ጠጅ የማይጠጣ እንግዳ ብርሌውን ይዞ ከሚጠጣው ጋር እኩል ይቀመጣል፤ ማንም ለምን አትጠጣም ብሎ አይነዘንዘውም። ዛሬ ሞክቴል (አልኮል የሌለው ኮክቴል) የምትሉት ነገር በድግስ ላይ ሊሠራው የሚገባው ሥራ ይኸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መጠጥ ከብርዝ ብትነሱ ከእኛ ቤት የወጣ፣ እናቶችም ሲቀምሱት የሚያውቁት ጣዕም ይኖራችኋል።

እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረውን በዝርዝር ልንገራችሁ። እኩል መጠን ማርና ለብ ያለ ውሃ አንድ ላይ ይማታና ይጣራል፤ ማር በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ስለማይሟሟ ለብ ማለቱ ግድ ነው። የትግራይ ነጭ ማር መልኩን ፈዘዝ፣ ጣዕሙን ለስለስ ያደርገዋል፤ ጠቆር ያለው የጫካ ማር ደግሞ ከሎሚውና ከዝንጅብሉ ጋር ይፎካከራል። ለአንድ ብርጭቆ ከማር ውሃው 30 ሚሊ ሊትር፣ ከሎሚ ጭማቂ 25፣ ከተጨመቀ ዝንጅብል 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በላዩ በረዶና 100 ሚሊ ሊትር ያህል ጋዝ ያለው ውሃ ይጨመርበታል፤ አንድ ዘለላ ጠጅ ሳር ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። ለሚጠጣው ሰው ደግሞ በዚያው ብርጭቆ ላይ 40 ሚሊ ሊትር ጂን ይጨመራል። ሁለቱ መጠጦች ከአንድ እናት የተወለዱ ስለሆኑ በማዕድ ላይ ልዩነታቸው ጎልቶ አይታይም፤ የማይጠጣውም ሰው የተረፈውን እንደተሰጠው አይሰማውም። (ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ አያቶች ጣታቸውን እየነከሩ ማስላስ ስለሚወዱ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው አይከፋም።)

ጋዝ ስላለው ውሃ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ አምቦ ውሃ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፣ ነገር ግን አምቦ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት ብዙ ስለሆነ የሎሚውን ኮምጣጣነት ይገድለዋል። ሎሚና አምቦ ሲገናኙ አረፋው ግንፍል ይላል፣ ከዚያም መጠጡ ጨው ጨው ያለ፣ የደከመ ጣዕም ይዞ ይቀራል። ስለዚህ አምቦን ከመረጣችሁ ሎሚውን ወደ 30 ወይም 35 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርጋችሁ ቅመሱት፤ አለዚያ ማዕድኑ ቀለል ያለ ሌላ ጋዝ ያለው ውሃ ውሰዱ። ይህ ጉዳይ በከርከዴ ላይ በዓይን ይታያል። ከርከዴ በቀረፋና በብርቱካን ልጣጭ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ካደረ የሚሰጠው ቀይ ምንም ዓይነት ማቅለሚያ የማይደርስበት ነው፤ አምቦ ሲፈስበት ግን ያ ደማቅ ቀይ ዓይናችሁ እያየ ወደ ደፈረሰ ሐምራዊ ይሄዳል። ትንሽ ሎሚ ብታክሉበት መልኩ ይመለሳል። ሙሽሮች ሁለተኛ መጠጥ ሲፈልጉ ይህንን ከርከዴ አቀርብላቸዋለሁ፤ ለሚጠጣው ሰው ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) የአገር ውስጥ ቀይ ወይን ሲታከልበት ከወይኑም ከከርከዴውም የተሻለ ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ይበቃል፤ ሁለቱም አልኮል ሳይገባባቸውና ከአልኮል ጋር። አራትና አምስት ዓይነት የሚዘረዝር ሰሌዳ ያማረ ይመስላል፣ ሆኖም እንግዳው ሰሌዳውን እያነበበ ወረፋው ይረዝማል።

ስለ ጠጅ ኮክቴል የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ከዋሽንግተንና ከአካባቢው መጥተው እዚህ የሚደግሱ ልጆች። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጥንቃቄው ግን ከሌላው ይበዛል። ለመደባለቅ የሚሆነው ደረቅ ጠጅ ነው፤ ለስላሳው ጣፋጭነቱ ስለሚበዛ ሎሚ ቢጨመርበትም ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጠጅ ከጣዩ ጣይ ጥንካሬው ይለያያል፣ በማሰሮም ሆነ በጀሪካን ውስጥ እያለ መፍላቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ለማሳመር ብላችሁ በቆንጆ ጠርሙስ ሞልታችሁ በጥብቅ ከከደናችሁት ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ጠጅ ላይ ጂንም ሆነ አረቄ አትጨምሩ። ጠጅ ራሱ ከቢራ የበረታ መጠጥ ነው፤ ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ይደብቀዋል፤ ሁለተኛ አልኮል ሲደረብበት የጠጣው ሰው የሚያውቀው ከወንበሩ ሲነሳ ነው። ጠጅ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ጋዝ ያለው ውሃ ብቻ ይሁን። ካቲካላንም እንዲሁ ከኮክቴል አርቁት፤ የቤት አረቄ ምን ያህል አልኮል እንደያዘ የሚናገር ጽሑፍ የለውም፣ ልኩ ያልታወቀ ነገር ደግሞ በልክ ሊቀዳ አይችልም።

ልክ ካልኩ አይቀር፣ አርባ ከመቶ አልኮል ያለው መጠጥ 45 ሚሊ ሊትር ገደማ በአሜሪካ አንድ መደበኛ መጠጥ ተብሎ የሚቆጠር ነው። በአንድ ብርጭቆ ከዚህ አትለፉ። በእኛ ሰርግ ጠረጴዛው ላይ ውስኪ በጠርሙስ ይቀመጣል፣ ቢራው ይዞራል፣ ጠጁ ይቀዳል፤ ኮክቴሉ በዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ስለሆነ ደካማ መሆኑ ነውር የለበትም። ባርማኑ በእጁ ግምት እንዳይቀዳ፣ በመለኪያ እንዲቀዳ ንገሩት፤ የሙሽራው ጓደኞች መጥተው «ጠንከር አድርገው» ማለታቸው አይቀርምና መልሱን ከእናንተ አስቀድሞ ይስማ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ከሥራው ሁሉ የሚናቀውና ብዙ ሰርግ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ። አንድ ባርማን በሼከር ነቅንቆ አንድ ብርጭቆ ለማውጣት አንድ ደቂቃ ብቻ ቢፈጅበት፣ 150 ብርጭቆ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድበታል። እንግዳው ግን የሚገባው በአንድ ጊዜ ነው፤ ሙሽሮቹ ከፎቶ እስኪመለሱ ሁሉም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ መሠረቱ ጠዋት በጅምላ ይዘጋጅ። ከላይ በሰጠኋችሁ ልክ ለ100 ብርጭቆ የማር ውሃው 3 ሊትር፣ የሎሚው ጭማቂ 2 ሊትር ተኩል፣ ዝንጅብሉ ግማሽ ሊትር ነው፤ አንድ ላይ 6 ሊትር ሆኖ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። መቶውም ሰው ጂን የሚፈልግ ቢሆን እንኳ 4 ሊትር ነው፤ በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲታሰብ ስድስት ጠርሙስ ይበቃል። ጋዝ ያለው ውሃ መጨመር ያለበት ብርጭቆ ላይ፣ በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጋዙ ቶሎ ያመልጣል፣ አረፋውም ይበዛል። ሎሚው በዚያው ዕለት ይጨመቅ። ከዋዜማው የተጨመቀ ሎሚ የሚመር ጣዕም ያመጣል፤ የኛ ሎሚ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ከአንዱ 20 ሚሊ ሊትር ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁና ለመቶ ብርጭቆ ከ125 ሎሚ በታች አትግዙ፤ የሚጨምቁትንም ሰዎች ቀድማችሁ መድቡ።

በረዶ ለአንድ እንግዳ ግማሽ ኪሎ ያህል አስቡ። ብርጭቆ ውስጥ ከሚገባው ይልቅ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ላይ የሚያልቀው ይበዛልና፣ ሁለቱ በረዶ በአንድ ገንዳ እንዳይቀላቀል አስጠንቅቁ፤ ጠርሙስ የተነከረበት በረዶ ወደ ብርጭቆ መግባት የለበትም። ከየትኛው ውሃ እንደተሠራ መጠየቅም አታፍሩ። ከውጭ የመጣ ዘመዳችሁ በማግሥቱ ሆዱን ቢያመው የሚወቀሰው ክትፎው ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው በረዶውን ነው።

መጠጡን የምትቀምሱበት ቀን ሲደርስ እንደ እንግዳ ቅመሱት እንጂ እንደ ዳኛ አትቅመሱት። የመጀመሪያውን ጉንጭ ሁሉም ይወደዋል። ብርጭቆውን አስቀምጡት፣ ስለ አዳራሹና ስለ ዴኮሩ አሥር ደቂቃ ተነጋገሩ፣ ከዚያ እንደገና አንሡት። በረዶው ሟሙቶ ጣዕሙ ካልጠፋ፣ ከላይ ውሃ ከታች ማር ሆኖ ካልተለያየ መጠጡ ለሰርግ ይሆናል፤ በሰርግ ላይ ማንም ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ አይጨርስምና። የአቮካዶ ስፕሪስን ከሰርግ የማስወጣው ለዚህ ነው፤ ጁስ ቤት ተቀምጦ በማንኪያ ሲበሉት ድንቅ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ግን ይጠቁራል፣ ከምግብ በፊትም ያጠግባል። ስትቀምሱ እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ነጠላዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ብርጭቆ የያዘች እናት፣ አፏ ጋ የሚደርስባትን አበባና የእንጨት ስንጥር የት ታድርገው? ብርጭቆው ላይ የሚሰካው ነገር ሁሉ በእርሷ እጅ ይፈተን።

በጌጥ ረገድ ጤና አዳም ቆንጆ ሽታ አለው፣ ቡና ላይም ለምደነዋል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ስለማይመከር ለሁሉም በሚዞር ብርጭቆ ላይ አታድርጉት፤ ናናና በሶብላ በቂ ናቸው። ጭስ ለማውጣት የሚጨመረው ደረቅ በረዶ (ከውሃ ሳይሆን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ፣ እጅግ የቀዘቀዘ በረዶ) ፍንካቹ ተውጦ ከገባ ጉሮሮና ሆድ ያቃጥላል፤ ጨለማ ባለበት፣ ሕፃናት በሚሮጡበት አዳራሽ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለ ሰማያዊው መጠጥ የምለው አጭር ነው፦ ምላስ ያቀልማል፣ የሙሽራዋ ቬሎም ነጭ ነው። በጥሬ እንቁላል ነጭ የሚሠራውን አረፋ ደግሞ የሽምብራ መቀቀያ ውሃ ይተካዋል፤ ድግሱ በጾም ቀን ቢውል ጿሚውም ሳይጨነቅ ይጠጣዋል።

አንድ አስተናጋጅ ትሪ ይዞ ሲመጣ «አልኮል አለው?» ተብሎ ተጠይቆ «ትንሽ ብቻ መሰለኝ» ብሎ ሲመልስ ሰምቼ አውቃለሁ። ለሙስሊም እንግዳ ይህ መልስ ድግሱን ትቶ የሚያስወጣ ነው። ሁለቱ መጠጦች ይመሳሰሉ ያልኩት በክብርና በውበት ነው፤ በዓይን ግን ሳይጠየቅ መለየት አለባቸው። አልኮል የሌለው ብርጭቆ ጠጅ ሳር ቢይዝ ያኛው የሎሚ ቁራጭ ይያዝ፤ ትሪውም ለየብቻ ይሁን፤ ሼከሩ፣ መለኪያውና ጆጉም እንዳይቀላቀል ቦታቸው ይለይ። እዚያ ባሕር ማዶ በአሜሪካ የምትደግሱት ደግሞ ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል ስለሚከለክል አሳላፊው መታወቂያ እንደሚጠይቅ ለወጣት ዘመዶቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የታሸገ መጠጥ ከሚታወቅ አስመጪ ወይም አከፋፋይ ግዙ፤ ክዳኑና ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑን አንድ የምታምኑት ሰው ይይ፤ በዋጋው እጅግ የረከሰ ውስኪ ያለ ምክንያት አይረክስም። ከአዳራሹ ጋር ስትዋዋሉ ኮርኬጁ (ከውጭ ለምታስገቡት መጠጥ አዳራሹ የሚያስከፍለው) በጠርሙስ ነው ወይስ በጥቅል፣ ለማር ውሃና ለከርከዴ ያስከፍላሉ ወይ የሚለውን በጽሑፍ አስፍሩ። ያልተከፈተ ጠርሙስ እንዲመለስላችሁም ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ባዶ ጠርሙሶቹን የሚቆጥር፣ ሌሊት ዕቃ ሲሰበሰብ የሚቆይ አንድ ሚዜ መድቡ፤ ይህን ሥራ ለሙሽራው ታላቅ ወንድም አትስጡት፣ እርሱ በዚያ ሰዓት ጭፈራ ላይ ነው። የተረፈው የሎሚ ጭማቂ ይደፋ፤ ሎሚ ያልገባበት የማር ውሃ ግን በንጹሕ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ለመልሱ ይደርሳል፤ የሙሽራዋ እናት ቤት ጋዝ ያለው ውሃና ጥቂት ሎሚ ብቻ ተገዝቶ ይቀርባል።