«ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋ»፦ የቃል ጨዋታ ለዓይን ወይስ ለጆሮ?

ጥያቄ፦ ለልጆች አጫጭር የቀልድ ግጥሞችን እጽፋለሁ። ጠብቀውና ላልተው ሲነበቡ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላትን ሳስገባ ልጆቹ ይደናገራሉ። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ላድርግበት? ደግሞስ የስንኞች መጨረሻ በድምፅ ሲመሳሰል የሚባለው «ቤት መታ» ነው ወይስ «ቤት ደፋ»?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ሁለቱም ይባላሉ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን ይዞ መዝለቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የአማርኛ ፊደል ጥብቀትን አያሳይም። በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ሁለት ነጥብ የሚደረገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ የቃል ጨዋታ ግን የሚኖረው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው። «ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋ» የሚለውን እንመልከት። የመጀመሪያው «ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ጠብቆ ሲነበብ የጠባብ ተቃራኒ ነው። ልጁ ሁለቱንም አጥብቆ ካነበበ አንድ ሰፊ ሰው ሱሪ ሲሰፋ ያገኛል፤ ሁለቱንም ካላላ ደግሞ ሱሪው ራሱ ልብስ ሰፊ ይሆንበታል። ተደናግሮ መመለሱና እንደገና ሞክሮ ማግኘቱ ነው ጨዋታው፤ ነጥቡን ካደረጉበት እንቆቅልሹን ከነመልሱ ሰጡት ማለት ነው።

በጆሮ ላይ የቆመ ጨዋታ ሌላ አያያዝ ይሻል። የሚከተሉትን ስንኞች ለዚሁ መልስ ገጥሜአቸዋለሁ፦

ልጁ ፈረስ ሳለ፥ አባት ቢላ ሳለ፥
ውሻው ደግሞ ሳለ፥ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ።

ሦስቱ «ሳለ» ላልተው ይነበባሉ፤ አንዱ ከሥዕል፣ አንዱ ከስለት፣ አንዱ ከሳል የመጡ ናቸው። የመጨረሻው ብቻ ጠብቆ «እያለ» ማለት ይሆናል። ጨዋታው በድምፅ መደጋገም ላይ ስለሆነ አስቀድሞ አዋቂ ጮክ ብሎ፣ አራተኛውን በጉልህ አጥብቆ ሊያነብላቸው ይገባል፤ ገጹን ከዚያ በኋላ ይስጧቸው። (ፊደል ጠንቅቀው የሚጽፉ ሰዎች የሥዕሉን በንጉሡ ሠ «ሣለ» ብለው ይጽፉታል፤ ትክክልም ናቸው። እኔ ሆን ብዬ ሁሉንም በእሳቱ ሰ ጽፌአቸዋለሁ፤ አንዱ መልኩን ከለወጠ ልጁ ገና ሳያነብ ይለየዋልና።)

ስንኞቹ የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ የተገጠሙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሐረግ (የስንኙ ግማሽ) 6 ቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ድምፅ፣ አለው። ቀለም የሚቆጠረው በድምፅ እንጂ በፊደል አይደለም፤ «ልጁ ፈረስ ሳለ» 7 ፊደል ቢኖረውም «ረስ» በአንድ ትንፋሽ ስለሚወጣ ቀለሙ 6 ነው። ብዙ የልጆች ግጥም የሚሰናከለው ገጣሚው ፊደል እየቆጠረ ሲጽፍ ነው። ጥብቀት ግን ቀለም አይጨምርም፤ ስለዚህ ነጥቡ በመቅረቱ ምቱ አይፈርስም።

ነጥቡ የሚያስፈልገው ድርብ ትርጉሙ ሳይታሰብ ሲገባ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ስለ ወንዝ በሚያወራ ግጥም ውስጥ «ዋና ነገር» ብለው ጽፈው ልጁ መዋኘትን ቢያስብ። ያኔም ቢሆን ቃሉን መለወጥ ይቀላል። ልጁ ቀልዱ ሳይገባው ከቀረ ደግሞ አያብራሩለት፤ «ውሻው ምን ሳለ?» ብለው ይጠይቁት።