ተረከዜን ያመኛል፤ ዕጢ ይሆን? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተረከዝ ላይ ተሰብስበዋል። እኔም ሰበሰብኳቸው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ሚስማር እንደወጋው ያመኛል። ትንሽ ስራመድ ይተወኛል። ዕጢ ነው?

መልስ፦ አይመስልም። ከተረከዝ እስከ ጣቶች በውስጥ እግር የተዘረጋው ጅማት ሲቆጣ እንዲህ ያደርጋል። የአጥንት ዕጢ ራሱ ብርቅ ነው፤ ተረከዝ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሕመሙ ተቀምጠውም የማይለቅዎ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስዎ ወይም እብጠት ያለው ከሆነ ግን ራጅ ይነሡ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ እግሩ ወለም ብሎት ራጅ ተነሣ። «ተረከዙ ውስጥ ቀዳዳ አለ» አሉን። ልጁን ምንም አያመውም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ «ቀዳዳ» የምትለው ቃል ናት ያስደነገጠችዎት። የተረከዝ አጥንት ፊት ለፊቱ ላይ በተፈጥሮው ሳሳ ያለ ቦታ አለው፤ ጤነኛ ሰው ላይም ራጁ እዚያ ጋ ጠቆር ይላል። ከዚያ ካለፈ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር አይደለም። ኤምአርአይ ይለየዋል። ትንሽ ከሆነና ካላመመው ብዙውን ጊዜ መከታተል ይበቃል። ከተለቀና አጥንቱን ካሳሳው ተጠርጎ በአጥንት ይሞላል።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ተረከዜን ይነዘንዘኛል፤ አይቡፕሮፌን ስውጥ ጸጥ ይላል። ራጁ ንጹሕ ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ ይህን ለሐኪምህ ልክ እንደጻፍክልኝ ንገረው። ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የምትባል፣ ብዙውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማትሞላ ዕጢ ጠባይዋ እንዲህ ነው። ራጅ ሊስታት ይችላል፤ ሲቲ ስካን ያወጣታል። መሣሪያው ባለበት በመርፌ ገብተው በሙቀት ያቃጥሏታል፤ በሌለበት በቀዶ ጥገና ትወጣለች። ወደ ካንሰር አትለወጥም።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ተረከዙ አብጦ ይተኩሳል፤ ትኩሳትም አለው። አንዱ ቲቢ፣ አንዱ ኢንፌክሽን፣ ሌላው ካንሰር ይላል። አንድ ክሊኒክ ከፍቶ ሊጠርገው ቀጠሮ ሰጥቷል። አያቱ ደግሞ ወጌሻ ይየው ትላለች።

መልስ፦ ቀጠሮውን አቁሙት። ወጌሻውም አይሸው። ሦስቱም ግምቶች ያስኬዳሉ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ኢዊንግ በ1921 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የልጆችና የወጣቶች የአጥንት ካንሰር እብጠትና ትኩሳት ያመጣል፣ የደም ምርመራውም ኢንፌክሽን ያስመስላል። የሚለየው ከእብጠቱ የሚወሰድ ናሙና ነው። ከናሙናው ከፊሉ ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚታይ ምርመራ)፣ ከፊሉ ለጀርም ምርመራ ይላክ። ናሙናውንም ቢሆን ዋናውን ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ቢወስደው ወይም ቦታውን ቢያመለክት ይመረጣል። መርፌው ያለፈበት መንገድ በኋላ ከዕጢው ጋር ሊወጣ ይችላላ! ሳይታወቅ የተጠረገ ካንሰር ግን እግሩ ውስጥ ይበተናል፤ ሊተርፍ የሚችለው እግር የሚቆረጠው እንዲህ ሲሆን ነው። ኢዊንግ ከሆነ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ይቀድማል፣ ቀዶ ጥገና ወይም ጨረር ይከተላል። ሳንባውም በሲቲ ይታያል። በሽታው መጀመሪያ ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ጃየንት ሴል» የተባለ ዕጢ ተጠርጎልኛል። ይመለሳል?

መልስ፦ ሊመለስ ይችላል። ጃየንት ሴል አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ የአጥንት ዕጢ ነው፤ አንዳንዴ ግን ወደ ሳንባ ይሄዳል። ስለዚህ ባያምዎትም የክትትል ራጅዎን አይዝለሉ፤ አልፎ አልፎ ደረትዎንም ያዩልዎታል።