ፕሮቲኑ አለ፤ ሥራውስ?

ለወጣት ተመራማሪዎች፣

በቅርቡ የእንቁራሪት ጽንስ የምታጠና አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። «ፕሮቲኑ ከእንቁላሉ ጀምሮ ሞልቷል፤ ሊያስነሣው የሚገባው ጂን ግን ዝም ብሏል። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?» ትላለች። አንቲቦዲ አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚያሳየን መመርመሪያ ነው። በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በፊት አጠገቤ ትሠራ የነበረች ባልደረባዬን አስታወሰኝና ደብዳቤው ረዘመ።

ያች ባልደረባዬ እጇ የተባረከ ነበር። የዜኖፐስ እንቁራሪት ጽንሶችን ፈጭታ ፕሮቲናቸውን ከዲኤንኤ ቁራጭ ጋር ታገናኝና በጄል ውስጥ ታሳልፋለች። ፕሮቲን የያዘው ዲኤንኤ ወደ ኋላ ስለሚቀር ማን ማንን እንደያዘ በፊልሙ ላይ ይታያል። አንድ ምሽት ጂኑ ገና ካልተነሣበት ሰዓት የተወሰደው ናሙና ደማቅ መስመር አወጣ። ፕሮቲኑ አለ፣ ዲኤንኤውንም መያዝ ይችላል፣ ጂኑ ግን ተኝቷል። ኃላፊያችን «ናሙና ተቀላቅሎብሻል» አሏት። ደገመችው፤ ያው መስመር መጣ። በስብሰባ ላይ «ኒውክለስ እንዳይገባ የያዘው ነገር ቢኖርስ?» ብላ ጠየቀች፤ ኒውክለስ ማለት ጂኖቹ የሚቀመጡበት የሴሉ ማዕከል ነው። ኃላፊው መልስ ሳይሰጡ ወደሚቀጥለው ምስል አለፉ። ዓመቱ ሳያልቅ ሙያውን ትታ ሄደች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር። የዜኖፐስ እንቁላል ከተዳቀለ በኋላ የመጀመሪያው ክፍፍል 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቀጣዮቹ በየ30 ደቂቃው ገደማ ይከተላሉ። እስከ 12ኛው ክፍፍል፣ ማለትም ሴሎቹ 4000 ያህል እስኪሆኑ ድረስ፣ ጽንሱ የራሱን ጂኖች ከሞላ ጎደል አያስነሣም፤ የሚኖረው እናቱ በቋጠረችለት የአር ኤን ኤ (ከጂን የተቀዳ መልእክት) እና የፕሮቲን ስንቅ ነው። ተመራማሪዎቹ ጆን ኒውፖርትና ማርክ ኪርሽነር ይህን መሸጋገሪያ በ1982 በዝርዝር አሳዩ። በዚያ ስንቅ ውስጥ ጂን አስነሺ ፕሮቲኖችም አሉ፤ ካለ ጊዜያቸው እንዳይሠሩ ግን መያዝ አለባቸው። ሲቢቲኤፍ የተባለው የደም ሴሎችን ለመፍጠር የሚያስፈልገውን ጋታ2 ጂን ያስነሣል፤ መጀመሪያ ላይ ግን በሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከኒውክለስ ውጭ ባለው የሴሉ ክፍል፣ ውስጥ ከእናት አር ኤን ኤ ጋር ታስሮ ይቆያል። አር ኤን ኤው ሲፈርስ ይለቀቅና ኒውክለስ ይገባል። ስማድ2 የተባለው ሌላ ጂን አስነሺ ፕሮቲን በበኩሉ ከሴሉ ውጭ ምልክት መጥቶ ፎስፌት የተባለ ኬሚካል እስኪለጠፍበት ይጠብቃል፤ ከገባም በኋላ እንደ ፎክስኤች1 ያለ አጋር ፕሮቲን ካላገኘ ዲኤንኤውን አጥብቆ አይዝም።

ቤታ ካቴኒን የተባለው ጂን በማስነሣት የሚረዳ ፕሮቲን ደግሞ ያለማቋረጥ እየተሠራ ያለማቋረጥ ይፈርሳል፤ የሚተርፈው የጽንሱ ጀርባ በሚሆነው በኩል ነው። በነገራችን ላይ፣ ሊቲየም የነካቸው ጽንሶች ግንደ አካል አጥተው ዙሪያቸውን ዓይን ሲያወጡ እያየን ስንደነቅ እናመሽ ነበር። ሊቲየም ቤታ ካቴኒንን ለመፍረስ የሚዳርገውን ጂኤስኬ3 የተባለ ኤንዛይም እንደሚያግድ የታወቀው በ1996 ነው። አስደናቂ ዘመን ነበር።

የዛሬ ወጣቶች በአንድ ሌሊት የሺህ ጂኖችን ዝርዝር ታወጣላችሁ፤ ጽንሱን በማይክሮስኮፕ ያያችሁት ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? የአር ኤን ኤ ቆጠራ ፕሮቲኑ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ለማሽን የምትሰግዱ ይመስለኛል። ደግሞም የዛሬው የምስል መሣሪያ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ የባልደረባዬ ክርክር በአንድ ፎቶ ያልቅ ነበር፤ ስለዚህ የሽማግሌ ወቀሳዬን ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

ለጠየቅሽኝ ልጄ፦ አንቲቦዲውን አትጣዪ። ኒውክለሱንና ሳይቶፕላዝሙን ለያይተሽ እያንዳንዱን መርምሪ፤ ከ12ኛው ክፍፍል በፊትና በኋላ ያሉ ጽንሶችን ጎን ለጎን አቅርቢ። ፕሮቲኑ በሳይቶፕላዝም ከተገኘ ናሙናው ላይ አር ኤን ኤ የሚፈጭ ኤንዛይም ጨምሪና ከተጣበቀበት ይላቀቅ እንደሆነ እዪ። ካልተላቀቀ የፎስፌቱን ነገር መርምሪ። ኃላፊሽ «ተቀላቅሎብሻል» ካሉሽ ሙከራውን ደግመሽ ሁለቱንም ፊልም ይዘሽ በሌላ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ሰው ጠይቂ።