አሻራ ያረፈበት ወረቀት

ጥያቄው የመጣው ከደቡብ ኦሞ፣ ከሐመር ወረዳ ነው። ጠያቂው የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ናቸው። ማታ ማታ ፊደል ከሚያስቆጥሯቸው አርብቶ አደሮች ሰባቱ፣ "የውሃ ፓምፕ ሥልጠና" ተብለው አንድ የመስኖ እርሻ ገቡ። አምስት ወር ቆይተው ከወጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ከምግብ በቀር ምንም አልተከፈላቸውም። ሲጠይቁ ሰባት የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት ወጣባቸው። ሲያትሙ አንዳቸውም ማንበብ አይችሉም ነበር። አሁን ግን ከመካከላቸው አንዷ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አይታ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠረች "ያለ ደመወዝ" የሚለውን አነበበችው። ጥያቄው እንግዲህ፣ ይህ ወረቀት እያለ ደመወዛቸውን መጠየቅ ይችላሉ ወይ? የሚል ነው።

መምህር፣ ያ መስመር የሚያስፈራውን ያህል ጉልበት የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728(3) አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ብቻ ነው። እርሻው ግቢ ውስጥ ካቦ ፊት የታተመ አሻራ ይህን አያሟላም። ታዲያ "አሻራው የእኛ አይደለም" እንዳይሉ አደራ። የራሳቸው ነው። "አልተነበበልንም፣ ሹም ፊትም አላረጋገጥንም" ይበሉ፤ እውነቱም ይኸው ነው።

ከባዱ ክርክር ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለሥልጠና ብቻ የተደረገን ውል አይሸፍንም። የሙያ መልመጃ ውልን፣ ማለትም አሠሪ ዘንድ እየሠሩ ሙያ የሚለምዱበትን ውል፣ ግን ይሸፍናል። የእርሻው ጠበቃ "ሠልጣኞች ነበሩ" ብሎ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። የሙያ መልመጃ ውል ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው ባለሥልጣን መረጋገጥ አለበት፤ የሥልጠናው ጊዜና የሚከፈለው ገንዘብም ይገለጽበታል። በላኩልኝ ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ስለዚህ ጥያቄው "ቀን ቀን ምን ሲሠሩ ዋሉ?" ይሆናል። እርስዎ እንደጻፉልኝ ፓምፑን ያዩት ሁለት ሳምንት ነው። የቀረውን ጊዜ ጥጥ ሲለቅሙ ከረሙ። ጥጥ ለቀማ ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ደመወዝ አለው። የጽሑፍ የሥራ ውል አለመኖሩም መብታቸውን አያስቀረውም። "ሙከራ ላይ ነበሩ" ቢባል እንኳ፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ይከፈለዋል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። የደመወዝ ጥያቄ፣ ደመወዙ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል። የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ለመጠየቅ የቀረው ጊዜ አንድ ወር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ አንድ ደመወዝ ይሄዳል። የተጀመረ ሽምግልና ካለም፣ እባክዎ ውጤቱን ብቻ እየጠበቁ አይቀመጡ። ክሱ ለወረዳው ፍርድ ቤት ይቅረብ፤ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ሐመርኛ አስተርጓሚም ገና ከመጀመሪያው ይጠይቁ።

የሥልጠና ሠርተፍኬት ጥያቄ ካለ ለብቻው ይያዙት። ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰው ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ምዘና መቀመጥ ይችላል።

የዚህን ሳምንት የማታ ክፍል ለዚሁ ጉዳይ ቢያውሉት ደስ ይለኛል። እያንዳንዳቸው በየደብተራቸው የገቡበትን ወር፣ የሠሩትን ሥራና አብሯቸው የነበረውን ሰው ስም፣ በቻሉት መጠን በራሳቸው እጅ ይጻፉ። ያልቻሉትን እርስዎ ይጻፉላቸውና መልሰው ያንብቡላቸው።